21 ከ42 ለምን አሸናፊ አያደርግም? ስለ ስላው ካውንስል ምርጫ ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በእንግሊዟ ስላው ከተማ ስኖር አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በሜይ 2023 በተደረገው የካውንስል (የከተማው ምክር ቤት) ምርጫ ኮንሰርቫቲቭ 21፣ ሌበር 18፣ ሊበራል ዴሞክራት 3 ወንበር አገኙ። ብዙ ወንበር ያገኘው ኮንሰርቫቲቭ ሆኖ ሳለ ‹ማንም አላሸነፈም› ተባለ። ከንቲባው ነው የሚወስነው ያሉኝም አሉ። የእኛን ዋርድ (የምርጫ ክልል) ውጤት ደምሬ ሳየው ደግሞ የዕጩዎቹ ድምፅ ከመረጠው ሰው ቁጥር እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ ይህ ማጭበርበር አይደለም? ኬንያዊው ጎረቤቴ ዜግነት ሳይወስድ ይመርጣል፤ እኔ ግን ካውንስል ታክስ (ለካውንስሉ የሚገባውን የመኖሪያ ቤት ግብር) እየከፈልኩ አትችልም ተብያለሁ። ፓርቲ ተለወጠ ተብሎም ታክሱ መጨመሩን አላቆመም። አሁን ዜግነት ላመለክት ነው። በ2027 ብመርጥ የሚለወጥ ነገር አለ?»

ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናጥራ። 21 የ42 ግማሽ ነው፤ ግማሽ ደግሞ አብላጫ አይባልም። ካውንስሉን ብቻውን ለመያዝ አንድ ፓርቲ 22 ወንበር ያስፈልገው ነበር፤ ኮንሰርቫቲቭ በአንዲት ወንበር ጎደለበት። ሌላውን ወገን ይደምሩት፦ የሌበር 18 እና የሊበራል ዴሞክራት 3፣ እሱም 21 ይመጣል። ሚዛኑ ግራና ቀኝ እኩል ቆሟል። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ውጤት የሚጠሩበት አነጋገር በአማርኛ ሲመጣ «ካውንስሉን ብቻውን የያዘ ፓርቲ የለም» ማለት ነው። «ማንም አላሸነፈም» የተሳሳተ ትርጉም ነው፤ 42ቱም ካውንስለሮች በየዋርዳቸው አሸንፈው ገብተዋል። ምርጫው አልፈረሰም፣ አይደገምም፣ ቆሻሻ ማንሳቱም ሆነ የትምህርት ቤት ምዝገባው ለአንድ ቀን አይቆምም።

ስለ ከንቲባው የነገሩዎት ሰዎች ግማሹን ተሳስተዋል፣ ግማሹን ግን ሳያውቁት አግኝተውታል። እኛ «ከንቲባ» ስንል ከተማውን የሚያስተዳድረው ሰው ነው የሚታየን። በስላው ከንቲባው የወርቅ ሰንሰለት አንገቱ ላይ አድርጎ ስብሰባ የሚመራ፣ በዓል የሚከፍት፣ በየዓመቱ የሚቀየር የክብር ሰው ነው። በጀት የሚያቀርበው፣ ካቢኔ የሚሾመው፣ አስተዳደሩን የሚመራው «የካውንስሉ መሪ» የሚባለው ነው፤ እሱን የሚመርጡት ደግሞ 42ቱ ካውንስለሮች ራሳቸው በስብሰባ ነው። በሕዝብ በቀጥታ የሚመረጡ፣ እውነተኛ ሥልጣን ያላቸው ከንቲባዎች በእንግሊዝ ውስጥ በሌሎች ቦታዎች አሉ፤ ስላው ግን ከእነዚያ ውስጥ አይደለችም።

ሆኖም ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን ስብሰባውን የሚመራው ሰው ሚዛኑን የሚሰብር ተጨማሪ ድምፅ አለው። ይህ በ1972 ከወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ የመጣ ነው። ከምርጫ በኋላ በሚደረገው ዓመታዊ ስብሰባ የመጀመሪያው ሥራ አዲሱን ከንቲባ መምረጥ ሲሆን ስብሰባውን የሚመራው ነባሩ ከንቲባ ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይዟል፦ ነባሩ ከንቲባ በምርጫው ወንበሩን ቢያጣ እንኳ ያን ስብሰባ ይመራል። እንደ ካውንስለር ድምፅ አይሰጥም፤ ድምፁ እኩል ከሆነ ግን ሚዛኑን የሚሰብረው እሱ ነው። 21 ለ21 በሆነ ካውንስል ውስጥ የሰንሰለቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ከጌጥ ያለፈ ትርጉም የሚኖረው ለዚህ ነው። በስላው በዚያ ሜይ የመሪነቱን ቦታ ያገኙት የኮንሰርቫቲቩ ዴክስተር ስሚዝ ናቸው።

አብላጫ ሳይኖር መምራት ይቻላል። ልዩነቱ መሪው እያንዳንዱን ትልቅ ድምፅ በየጊዜው ማሸነፍ አለበት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየዓመቱ በፌብሩዋሪና ማርች የሚቀርበውን በጀት። አንድ ካውንስለር ታሞ ቢቀር፣ ቢሞት፣ ወይም ተቆጥቶ ፓርቲውን ቢለቅ ስሌቱ በአንድ ምሽት ይገለበጣል። ስለዚህ የምርጫው ማግስት ላይ ያዩት ቁጥር የዚያ ቀን ፎቶግራፍ ነው። ዛሬ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ ማወቅ ከፈለጉ የካውንስሉን የአባላት ዝርዝር ይመልከቱ፤ የ2023ን ጋዜጣ አያገላብጡ።

አሁን ወደ ድምሩ። እርስዎን ያሳሰበዎት ጉዳይ በየምርጫው ይነሳል፤ የሚነሳውም ሰዎች በጥንቃቄ ስለሚደምሩ ነውና አልወቅስዎትም። ማጭበርበር ግን አይደለም። በ2023 ስላው በአዲስ የዋርድ ካርታ ነው የመረጠችው፦ 21 ዋርዶች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ካውንስለር። ሁለት ወንበር ባለበት ዋርድ እያንዳንዱ መራጭ በአንድ ወረቀት ላይ እስከ ሁለት ምልክት ማድረግ ይችላል። 1,600 ሰው መረጠ እንበል፤ ሊሰጥ የሚችለው ድምፅ እስከ 3,200 ይደርሳል። ድምሩ 2,900 ቢመጣ የጎደለው 300 ሁለተኛውን ምልክት ሳያደርጉ የቀሩ ሰዎች ድምፅ ነው። አንዳንዱ ባለማወቅ ይተወዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሆን ብሎ፣ የሚወደው ዕጩ በሁለተኛው ድምፁ እንዳይበለጥበት። የተሳታፊው ቁጥር የሚሰላው በሳጥን ውስጥ በገቡት ወረቀቶች ነው፤ በምልክቶቹ ብዛት አይደለም።

ቆጠራውም በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ የየዕጩው ድምፅ ሳይቆጠር ከየሳጥኑ የወጣው ወረቀት ብዛት የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ከጻፈው ሒሳብ ጋር ይነጻጸራል። ይህ ሳይጣራ ወደ ሁለተኛው አይታለፍም። ከዚያ ሁለቱንም ምልክት ለአንድ ፓርቲ የሰጡት ወረቀቶች በቀላሉ በጥቅል በጥቅል ይለያሉ። ራስ ምታቱ ድምፁን ለሁለት ፓርቲ የከፈለው ሰው ወረቀት ነው። እነዚህ በትልቅ ወረቀት ላይ አንዱ ከሌላው ሥር እየተደረደሩ በየዕጩው ዓምድ ይቆጠራሉ፤ ተንጠልጥለው ሲታዩ ጉርድ ስለሚመስሉ ሠራተኞቹ «የሣር ጉርድ» ይሏቸዋል። ለሊቱ የሚረዝመው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። የዕጩ ወኪሎች አጠገባቸው ቆመው ያያሉ፤ መንካት ግን አይፈቀድላቸውም።

ይልቅ ሊያሳስብዎ የሚገባው ሌላ ነው። ያንኑ 1,600 ሰው ይውሰዱና ሦስት ፓርቲዎች ሁለት ሁለት ዕጩ አቀረቡ እንበል። የመጀመሪያው ፓርቲ ዕጩዎች 700 እና 660፣ የሁለተኛው 600 እና 560፣ የሦስተኛው 200 እና 180 አገኙ። ሁለቱም ወንበር ለመጀመሪያው ፓርቲ ሄደ። ከሁለቱ ዕጩዎቹ አንዳቸውም ከመረጡት ሰዎች የግማሹን ድምፅ እንኳ አላገኙም፤ ወንበሩን ግን ፓርቲው ሙሉ በሙሉ ወሰደ። ይህ በየዋርዱ ሲደጋገም በከተማ ደረጃ የሚወጣው የወንበር ቁጥር ከሕዝቡ ፍላጎት በጣም ሊርቅ ይችላል። በምሥራቅ ለንደን ኒውሃም በ2010፣ በ2014 እና በ2018 በተከታታይ 60ውንም ወንበር የወሰደው ሌበር ነው፤ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ሌበር ስለሆነ ግን አይደለም። ምርጫ 97ን (ይህ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) የሚያስታውስ አንባቢ የአዲስ አበባን ምክር ቤት ያስታውሳል፦ ከ138 ወንበር 137ቱ ለቅንጅት፣ አንዷ ለኢሕአዴግ። በዚያ ከተማ ለኢሕአዴግ የመረጠው ሰው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር የሚል አለ? ወንበር ቆጥሮ የሰውን ልብ መገመት አያዋጣም።

በዚሁ ምክንያት «የእገሌ ማኅበረሰብ ድምፁን ለእገሌ ፓርቲ ሰጠ፣ ስላውን የገለበጠው እሱ ነው» የሚለውን ወሬ በጥርጣሬ ያድምጡት። ድምፅ ምስጢር ነው። በብሔር ወይም በሃይማኖት የተከፋፈለ ውጤት ማንም አያወጣም፤ የሚወጣው በዋርድ ብቻ ነው። በዋርድ ውጤት ላይ ተነሥቶ ስለ ጎረቤቱ የሚናገር ሰው እየገመተ ነው።

ማጭበርበር ግን በእንግሊዝ የለም ብዬ አልሸነግልዎትም፤ በራስዎ ከተማ ታይቷል። በ2007 በስላው ሴንትራል ዋርድ አሸናፊ የተባለው ዕጩ ውጤት በ2008 በምርጫ ፍርድ ቤት ተሰርዟል። የተገኘው ነገር የሌሉ ሰዎች በመራጭነት ተመዝግበው በስማቸው የፖስታ ድምፅ መሰጠቱ ነበር፤ ሰውየውም በኋላ በወንጀል ተፈርዶበት ታስሯል። በለንደን ታወር ሃምሌትስ ደግሞ የ2014ቱ የከንቲባ ምርጫ በ2015 ተሰርዟል። እዚያ አቤቱታውን ያቀረቡት አራት ተራ መራጮች ነበሩ። ሕጉ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፦ ተሸናፊ ዕጩ፣ ወይም በዚያ ምርጫ የመምረጥ መብት የነበራቸው ቢያንስ አራት ሰዎች። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ በመሠረቱ 21 ቀን። የፍርድ ቤት ክፍያ አለ፣ ለተከሳሽ ወጪ የሚያዝ የዋስትና ገንዘብ አለ፣ ቢሸነፉ የሚመጣው የጠበቃ ሒሳብም አለ። በ2023ቱ ውጤት ላይ ያ በር ከተዘጋ ቆይቷል። ፖሊስ ዘንድ የሚቀርብ የወንጀል ጥቆማ ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ውጤት አይለውጥም።

ዳግም ቆጠራ የሚጠየቀው እዚያው በቆጠራው አዳራሽ፣ ውጤቱ ከመታወጁ በፊት ነው። የሚጠይቀው ዕጩው ወይም ወኪሉ ነው፤ ኃላፊው ጥያቄው ምክንያት የለውም ብሎ ካመነ እምቢ ማለት ይችላል። ከታወጀ በኋላ ጸጸት ዋጋ የለውም። ሁለት ዕጩዎች ፍጹም እኩል ቢመጡስ? ዕጣ ይጣላል። ቀልድ አይደለም፤ በ2017 በኖርዘምበርላንድ ኮንሰርቫቲቮች ለአብላጫ አንድ ወንበር ቀርቷቸው ሳለ የሳውዝ ብላይዝ ዋርድ ውጤት እኩል ሆነ፣ ጭራሮ ተመዘዘ፣ ረጅሟ ለሊበራል ዴሞክራቷ ዕጩ ወጣች። ካውንስሉም ልክ እንደ ስላው ብቻውን የያዘው ፓርቲ ሳይኖር ቀረ።

ስላው በዚያ ዓመት ለምን እንዲህ ሆነች? በመላ እንግሊዝ ኮንሰርቫቲቮች ከ1,000 በላይ ወንበር ያጡበት ቀን ነበር፤ ስላው ወደ ተቃራኒው ሄደች። ምክንያቱ እዚያው ቤት ነው። በጁላይ 2021 ካውንስሉ ወጪውን መሸፈን እንደማይችል የሚያስታውቀውን፣ «አንቀጽ 114» የሚባለውን ማስታወቂያ አወጣ። በዲሴምበር ማዕከላዊው መንግሥት ካውንስሉን የሚቆጣጠሩ ኮሚሽነሮችን ላከ። ብድሩን ለመቀነስ የካውንስሉ መሬትና ሕንፃ ለሽያጭ ቀረበ። ከዚያም በ2023 ማርች፣ ሰዉ ወደ ምርጫ ሊሄድ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ካውንስል ታክስ በ9.99 በመቶ ጨመረ። በአብዛኛው እንግሊዝ ያለ ሕዝበ ውሳኔ የሚፈቀደው ከፍተኛው 4.99 በነበረበት ዓመት ነው። ለረጅም ዓመታት ካውንስሉን የመራው ሌበር ስለነበር ሒሳቡ ወደ እሱ መጣ። ሌላም ነገር አለ። ከዚያ በፊት ስላው በየጊዜው የወንበሮቹን አንድ ሦስተኛ ብቻ ነበር የምትመርጠው፤ ቁጣ ቢኖርም ተከፋፍሎ ነው የሚወጣው። በ2023 ግን ሁሉም ወንበር በአንድ ቀን ለምርጫ ቀረበ። የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ፈሰሰ።

የሚያስከፋዎ የታክሱ ጉዳይ መልስ ያለውም እዚሁ ነው። የመጣው ፓርቲ የወረሰው ዕዳውን፣ ኮሚሽነሮቹንና ሕጉን ጭምር ነው። የእንግሊዝ ካውንስል ከማርች 11 በፊት ሚዛኑን የጠበቀ በጀት የማጽደቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበት፤ መንግሥት በተለየ ካልፈቀደለት በቀር ለዕለት ወጪው ተበድሮ ጉድለቱን ማለፍ አይችልም። ከገንዘቡ አብዛኛው የሚሄደው ካውንስሉ «አልሰጥም» ሊል ወደማይችላቸው ሥራዎች ነው፦ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ፣ ለሕፃናት ጥበቃ፣ ቤት አልባ ለሆኑ ቤተሰቦች ማረፊያ። ለ2024–25ም መንግሥት ስላው ከተለመደው ገደብ በላይ እንድትጨምር ፈቅዷል። በዚያ ላይ በደጃፍዎ በሚደርሰው ሒሳብ ውስጥ የቴምዝ ቫሊ ፖሊስና የበርክሻየር እሳት አደጋ ድርሻ አለበት፤ ካውንስሉ የሚሰበስበው ለእነሱ ነው፤ መጠኑን አይወስንም። ስለዚህ «ምረጡኝ፣ ታክሱን እቀንሳለሁ» የሚል ዕጩ በርዎን ሲያንኳኳ ከየትኛው አገልግሎት ላይ ቆርጦ እንደሆነ ይጠይቁት። ካልመለሰ፣ መልሱን አግኝተዋል።

እንዲህ ስል ካውንስለሮች አሻንጉሊት ናቸው ማለቴ አይደለም። በመቶኛው ላይ እጃቸው አጭር ቢሆንም በአከፋፈሉ ላይ ረጅም ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ በሥራ ዕድሜ ላይ ላሉ ሰዎች የታክስ ቅናሹ ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስነው ራሱ ካውንስሉ ነው። የትኛው ቤተ መጻሕፍት ስንት ሰዓት ይከፈታል፣ የትኛው ቦታ ላይ ፎቅ ይፈቀዳል፣ የመኪና ማቆሚያ ስንት ያስከፍላል፣ ሁሉም እዚያ ነው። ታክሲ ለሚነዱ ወገኖቻችን ደግሞ የፈቃድ ደንቡ፣ የመኪናው ዕድሜና የፈቃድ ክፍያው የሚወሰነው በካውንስሉ የፈቃድ ኮሚቴ ነው። ለጠቅላይ ሚኒስትር ምርጫ ለሊቱን ሙሉ ነቅቶ ለዚህኛው የማይወጣ የታክሲ ሹፌር ስሌቱን የገለበጠው ይመስለኛል። ብቻዎን ከሆነ የሚኖሩት የ25 በመቶ ቅናሹ በማንም ፓርቲ አይነካም፤ ብሔራዊ ሕግ ነው። ካልጠየቁት ግን አይሰጥዎትም።

ስለ ኬንያዊው ጎረቤትዎ። ካውንስል ታክስ መክፈል በእንግሊዝ የመምረጥ መብት አይሰጥም፤ መብቱን የሚሰጠው ዜግነት ነው። የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር) አገሮች ዜጎች፣ እንዲሁም የተወሰኑ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች በካውንስል ምርጫ ይመርጣሉ። ኬንያ ኮመንዌልዝ ውስጥ አለች፤ ኢትዮጵያና ኤርትራ የሉም። «ቅኝ ባለመገዛታችን ተቀጣን» ብሎ የሚቀልድ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሞዛምቢክና ሩዋንዳ የእንግሊዝ ቅኝ ሳይሆኑ በራሳቸው ጥያቄ ገብተዋል። ደንቡ እንግሊዝን እንጂ መላ ብሪታንያን የሚመለከት አይደለም። በስኮትላንድና በዌልስ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የየትኛውም አገር ዜጋ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ በካውንስል ምርጫ ይመርጣል። ግላስጎው ወይም ካርዲፍ ያለው የአክስትዎ ልጅ በኢትዮጵያ ፓስፖርቱ «እኔ መረጥኩ» ቢልዎ አልዋሸም። እርስዎ ግን ስላው ነዎት።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ። ዜግነት ከመውሰድዎ በፊት በመራጭነት አይመዝገቡ፤ «ችግር የለውም፣ ለባንክ ክሬዲት ይጠቅማል» የሚልዎትን አይስሙ። በምዝገባ ላይ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት ወንጀል ነው፤ የዜግነት ማመልከቻ ደግሞ ጠባይዎን የሚመረምር ነው። በየዓመቱ ወደ ቤት የሚላከውን የነዋሪዎች ማጣሪያ ቅጽ ግን ችላ አይበሉ። መልስ የሚጠይቅ ከሆነ መመለስ ግዴታ ነው፤ ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል። ዜግነትዎን በትክክል ጽፈው ይመልሱ። መመለስና መመዝገብ አንድ አይደሉም። በሌላ በኩል ለመምረጥ ብቻ ብሎ ዜግነት የሚቀይር ሰው ካለ ቆም ብሎ ያስብ፤ የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ የብሪታንያውን ሲወስዱ የኢትዮጵያው ይቀራል። ያን የሚመዝኑት እርስዎ ነዎት።

ከወሰኑ፣ አዎ፣ ይምረጡ። የሚለወጥ ነገር ይኖራል ወይ ላሉኝ መልሴ በዋርድዎ ደረጃ ነው። በካውንስል ምርጫ ከመቶ መራጭ ሠላሳና ሠላሳ አምስቱ ብቻ መውጣታቸው የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ወንበር በጥቂት ድምፆች ሊሄድ ሊመጣ ይችላል። 21 ለ21 በቆመ ካውንስል አንድ ወንበር ምን ማለት እንደሆነ ከላይ አይተናል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም አንድ እድር ውስጥ ያሉ ዜግነት የወሰዱ ሰዎች ቁጥር ከአንዳንድ ዋርዶች የአሸናፊነት ልዩነት ሊበልጥ ይችላል።

ነገር ግን ድምፅዎ በቴክኒክ ምክንያት እንዳይባክን። ከሜይ 2023 ጀምሮ በምርጫ ጣቢያ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ግዴታ ነው። በዚያው የመጀመሪያ ምርጫ ወደ 14,000 ሰው በዚህ ምክንያት ሳይመርጥ ተመልሷል። ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ከሌለዎት ነፃ የመራጭ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ማመልከቻው ከምርጫው ስድስት የሥራ ቀን በፊት ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት (በእንግሊዞቹ 5pm) ላይ ይዘጋል። የእኛ ሰው ልዩ ችግር የስም አጻጻፍ ነው። በአንዱ ሰነድ የአያት ስም ገብቶ፣ በሌላው የአባት ስም ብቻ ሆኖ፣ በሦስተኛው ፊደሉ ተቀይሮ ይገኛል። ለጥቃቅን ልዩነት ሰው አይመለስም፤ ስሙ ሌላ ሰው እስኪመስል ድረስ ከተለያየ ግን ይመለሳል። ሲመዘገቡ በፓስፖርትዎ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ይጻፉ።

በፖስታ የሚመርጡ ከሆነ ደግሞ ፊርማዎ በማመልከቻው ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ድምፅዎ ውድቅ ይሆናል። በአማርኛ ፈርመው ካመለከቱ በአማርኛ ይፈርሙ፤ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ የሚፈርም ሰው ራሱን ይጎዳል። የፖስታ ድምፅ ፈቃድ ከሦስት ዓመት በላይ አይቆይም፤ እንደገና ማመልከት ያስፈልጋል። ወረቀትዎን ለማንም አይስጡ፤ «አምጡ፣ እኛ ሞልተን እናደርስላችኋለን» ለሚል የፓርቲ ሰው በፍጹም። የዘመቻ ሠራተኛ ቤተሰቡ ያልሆነን ሰው የፖስታ ድምፅ መያዝ ተከልክሏል፤ ሌላው ሰውም ከራሱ ሌላ ከአምስት በላይ ማስረከብ አይችልም። የ2007ቱን የስላው ጉዳይ ያነሣሁት ይህን በቀላሉ እንዳያዩት ነው።

2027ን ግን አይጠብቁ። በዋርድዎ ያሉት ሁለት ካውንስለሮች ለመረጧቸው ብቻ ሳይሆን ለነዋሪው ሁሉ ነው የሚሠሩት፤ ዜግነትዎን አይጠይቁም። ሰው የሚቀበሉበት ሰዓት አላቸው፤ ስምና ኢሜይላቸው በካውንስሉ ገጽ ላይ ይገኛል። ሁለቱ ከተለያየ ፓርቲ ከሆኑ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይላኩ። ስለ ታክስ በጥቅሉ አይጻፉ፤ አንድ ነገር ይምረጡ፦ የቅናሹ መጠን፣ የመንገድ መብራት፣ የታክሲ ፈቃድ ክፍያ። ጊዜውም በጀት ከመጽደቁ በፊት፣ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ውስጥ ይሁን። ኤፕሪል ላይ የሒሳቡ ወረቀት ሲመጣ መጻፍ ረፍዶ ነው።

ምዝገባው ከምርጫው 12 የሥራ ቀን በፊት ይዘጋል። የሚቀጥለው ሙሉ ምርጫ በአራት ዓመቱ ዑደት መሠረት ሜይ 2027 ነው፤ የእንግሊዝ አካባቢ አስተዳደር አወቃቀር በየቦታው እየተቀየረ ስለሆነ ቀኑን ከካውንስሉ ያረጋግጡ። መብቱ የሚጀምረው የማጽደቂያው ደብዳቤ በመጣ ዕለት ሳይሆን በዜግነት ሥነ ሥርዓቱ ላይ ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት ነው። የኢንተርኔቱ ምዝገባ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥርዎን ይያዙ።